ዘፈኑ ደረሰን፤ ስሙስ?

«ይቺን ዘፈን ስሟትማ፤ አንጀት ትበላለች!»

እንዲህ ያለ መልእክት በሳምንት ስንት ጊዜ ይደርሳችኋል? ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከድሮ ጓደኛ፣ ቨርጂኒያ ካለች የአክስት ልጅ፣ ዱባይ ካለ የሰፈር ልጅ... ዘፈኑ በቴሌግራም ይመጣል፣ በፌስቡክ ይመጣል፣ በቲክቶክ ተቆራርጦ ይመጣል። ከሥሩ የሚያለቅስ ፊትና ቀይ ልብ ይደረደራል። «ምርጥ የድሮ ዘፈን!» «ዘመን የማይሽረው!» «እንዲህም ተዘፍኖ ነበር ወይ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውን ማን ደረሰው? ማን አቀናበረው? የትኛው ባንድ ተጫወተው? መቼ? ወፍ የለም። አንዳንዴማ የድምፃዊው ስም ራሱ ይዘለላል፤ «ያው ይታወቃል» ተብሎ መሰለኝ።

ነገሬን ሳላዞር ልናገር። የሰው ሥራ ወድደን፣ አጣጥመን፣ ለሌላው ስናቀብል የሠሪውን ስም ገንጥለን የምንጥል ከሆነ፣ ያደረግነው ነገር ልግስና አይደለም። በሰው ድግስ ላይ ተቀምጦ ጉርሻ ማደል ነው። ጎራሹ «እጅህ ይባረክ!» ይለናል፤ እኛም ደስ ብሎን አሜን እንላለን። ደጋሹ ግን ጓዳ ውስጥ ነው፤ ስሙን ያነሳለት የለም።

ማጋራት ይቅር እያልኩ አይደለም። ማጋራትማ ድሮም እናጋራ ነበር። ካሴት እየተዋዋስን፣ ባዶ ካሴት ገዝተን ሙዚቃ ቤት እያስቀዳን፣ በእስክሪፕቶ «የጥላሁን ምርጥ»፣ «ትዝታ ቁጥር 2» እያልን እየጻፍንበት ያደግን ሰዎች ነን። ከአዲስ አበባ የተቀዳ ካሴት በሻንጣ ታጭቆ ዋሽንግተን ይገባ ነበር፤ እዚያም ተቀድቶ ሌላ ከተማ ይደርሳል። ይኼ የአድማጭ ቅብብል ባይኖር ኖሮ ስንቱ ዘፈን በየመጋዘኑ አቧራ በልቶት በቀረ።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ዋናው ካሴት ሲወጣ ሽፋኑ ላይ፣ ፎቶግራፉ ከታጠፈበት ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል «ግጥም፦ እገሌ፣ ዜማ፦ እገሌ፣ ቅንብር፦ እገሌ» የሚል ዝርዝር ይገኝ ነበር። ሲቀዳ ድምፁ ይገለበጣል፤ ወረቀቱ ግን አይገለበጥም። ስሙ የሚቀረው እዚያ ላይ ነበር። የዚያን ጊዜው ጥፋት በከፊል የመሣሪያው ነው እንበል። የዛሬውስ? ዛሬ አንድ መስመር ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ አውራ ጣትና ግማሽ ደቂቃ ነው። ሦስት የሚያለቅስ ፊት ለመደርደር ጊዜ ያገኘ ሰው ሁለት ስም ለመጻፍ ጊዜ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ በየዓመቱ የማልተወው አንድ ነገር ነበር። አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ «ፍቅር እስከ መቃብርን ማን ጻፈው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። ቀጥዬ አንድ ሁሉም በቃሉ የሚወጣው ዘፈን አነሳና «የዚህን ግጥም ደራሲ ንገሩኝ» እላለሁ። «ጥላሁን ገሠሠ!» ይላል አንዱ። ጥላሁን የዘፈነው ነው፤ የጻፈውን ነው የጠየቅኩት። ዝም። ግጥም ሊያጠኑ የመጡ ልጆች፣ በቃላቸው የያዙት ግጥም ገጣሚ እንዳለው አስበውት አያውቁም ነበር። በልጆቹ አልፈርድም። ማን ነግሯቸው ያውቃል? ሬዲዮው «አሁን ደግሞ ከእገሌ ዘፈን ጋር ቆይታ እናድርግ» ብሎ ያልፋል፤ ቤተሰቡ «የእገሊት ዘፈን» ይላል። ቋንቋችን ራሱ ዘፈንን ለድምፃዊ ብቻ መርቆ የሰጠ ይመስላል።

ከዘፈን ይልቅ ከበድ ያለ ምሳሌ ትፈልጉ እንደሆነ ብሔራዊ መዝሙሩን እንውሰድ። ተማሪ ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሞ የማይዘምረው ልጅ የለም። ግጥሙ የደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማው የሰለሞን ሉሉ ምትኩ ነው፤ አገልግሎት ላይ የዋለውም በ1984 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን፣ በደርግ ዘመን የተዘመረውን፣ የጻፉት አሰፋ ገብረ ማርያም ተሰማ፣ ዜማውን የሠሩት ዳንኤል ዮሐንስ ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረው መዝሙር ዜማ ደግሞ የአርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ከእነዚህ ስሞች ስንቱን ታውቁ ነበር? አገር በሙሉ ቆሞ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ የሚዘምረውን የሠሩ ሰዎች ካልታወቁ፣ የሠርግና የትዝታ ዘፈን ደራሲ ምን ተስፋ አለው?

ይኼ ነገር ለሥነ ጽሑፍ ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዚህ አገር ታትሞ ከተነበበው ግጥም ይልቅ ተዘፍኖ የተሰማው ግጥም እጅግ ይበልጣል። መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ገበሬ፣ ፊደል ያልቆጠረች እናት፣ አማርኛን በወላጆቹ መኪና ውስጥ ከሲዲ የተማረ አሜሪካ የተወለደ ልጅ፣ ሁሉም ግጥም የሚያውቁት በዘፈን ነው። የይልማ ገብረአብን ስንኝ በቃሉ ያልያዘ የከተማ ሰው ከየት ይገኛል? የአበበ መለሰን ዜማ ያላንጎራጎረስ? ሙሉጌታ ተስፋዬ የግጥም መድበል ያለው ባለቅኔ ነው፤ ግን መድበሉን ካነበበው ሰው ይልቅ የዘፈን ግጥሞቹን የሚያውቀው ይበዛል፤ ከሚያውቁት ውስጥ ደግሞ የእሱ መሆናቸውን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ኤልያስ መልካ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ የሰማሁት «ለካ ያንንም የሠራው እሱ ነው!» የሚል ግርምት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ለካ! ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያዳምጡት ከርመው፣ ለካ!

አሁን የሚነሱብኝን ክርክሮች አውቃቸዋለሁ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው «ዘፈን የሕዝብ ነው፤ ማን ጻፈው አይባልም» የሚለው ነው። ደስ ይላል ሲሉት። ደራሲያቸው በዘመን ብዛት የጠፋ የሕዝብ ዜማዎች አሉን፤ እነሱንም ቢሆን አገራቸውን መጥራት ይቻላል። አምባሰልና ባቲ እኮ የቦታ ስም ናቸው፤ ቅኝቱ ራሱ ከየት እንደመጣ ሳይናገር አያልፍም። ትናንት በስቱዲዮ የተቀረጸን፣ ደራሲው በሕይወት ያለን፣ ምናልባትም ጎረቤታችሁ የሆነን ሰው ሥራ ግን «የሕዝብ ነው» ማለት ሕዝብን የስርቆት ሽፋን ማድረግ ነው። ደግሞስ እኛ ስም የማንጠራ ሕዝብ ነን እንዴ? ቅኔ ቤት ሂዱ። መቶ ዓመት ያለፈው ቅኔ ሲነገር «የእገሌ ቅኔ ነው፣ እዚህ ደብር፣ በዚህ በዓል የተቀኘው» ተብሎ ነው። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። አዝማሪ ቤትም ብትገቡ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሰጠውን ሰው ቤቱ በሙሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ግጥምን ከባለቤቱ ጋር ማንሳት የፈረንጅ ሕግ ያመጣብን አዲስ ነገር አይደለም፤ የቆየ የራሳችን ጨዋነት ነው።

ሁለተኛው ክርክር «ሰዉ የሚፈልገው ዘፈኑን ነው፤ ስም ማን ያነባል?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆኑኝ ከሩቅ አገር የመጡ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ ሁለቱም ግን ስለ እኛ ዘፈን ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ጎረቤት አለ፤ ቢል መሪ ለሚጫወተው ሰውዬ ለመንገዱ የሚሆን ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ያው የእኛው ወግ ነው፤ «ይቺን ስማት» ዓይነት። ሰውዬው አሜሪካን በመኪና እያቋረጠ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ይሰማል። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ይወጣል። ከፊልሙ በኋላ በየአገሩ ያለው አድማጭ ያንን ስም ይዞ ፍለጋ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ ከሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ወስደው አዲስ ሥራ ሲሠሩ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አድማጭ ነበር። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ «ደስ የሚል የአፍሪካ ሙዚቃ» ተብሎ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ኑሮ ነውና ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ያዘ፤ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት ደግሞ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ እጅ ገባ። ሰውዬው ምን አደረገ? «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ!» ብሎ በትኖት ሄደ? አይደለም። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አነበበ፤ ባለቤቱን ፈልጎ ስልክ ደወለ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። የአንድ ሰው ሕይወት የተለወጠው አንድ ወረቀት ላይ በተጻፈ ስም ነው። ካሴቱ ተገልብጦ፣ ወረቀቱ ተጥሎ፣ «ክላሲካል» ተብሎ ብቻ ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ ያ ስልክ ለማን ይደወል ነበር?

ፍራንሲስ ፋልሴቶም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ሰውዬ ጓደኛው ከአዲስ አበባ ባመጣለት የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ተማርኮ ጀመረ፤ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ወለደ። ከየሲዲው ጋር በሚመጣው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ድምፃዊ ብቻ አይደለም ያለው፤ አቀናባሪ አለ፣ ባንድ አለ፣ ዘመን አለ፣ ፎቶግራፍ አለ። ሸክላውን ያሳተመው አለ፤ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ተደርጎ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ድርጅት የከፈተው አምሐ እሸቴ። ነርሲስ ናልባንዲያን አለ፣ ሳህሌ ደጋጎ አለ፣ ግርማ በየነ አለ። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ መሰቀል የነበረበትን ስም ፓሪስ ታትሞ እናነበዋለን። «ፈረንጅ ሙዚቃችንን ወሰደው» እያልን የምናማርር ብዙ ነን፤ በአንዳንዱ ነገር እውነት ሊኖረን ይችላል። ግን ቢያንስ ሲወስደው ማን እንደሠራው ጠይቆ ነው። እኛ የራሳችንን ስንቀባበል አንጠይቅም።

ሦስተኛው ክርክር ትንሽ ያሳዝነኛል፤ «ባላውቀውስ?» የሚለው። ካላወቃችሁ ጠይቁ! «ይህን ዘፈን ወደድኩት፤ ግጥሙ የማን ነው?» ብሎ መጻፍ ምን ነውር አለው? እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው ማጋራት እሱ ነው። አንድ ሰው ይጠይቃል፤ ሌላው «አባቴ እዚያ ባንድ ውስጥ ነበር፤ ቅንብሩ የእገሌ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው የካሴቱን ሽፋን ከመሳቢያ አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። በአንድ ምሽት ጨዋታ የሚሰበሰበው መረጃ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። የእነዚያ ዘመናት ሙዚቀኞች እኮ እያለፉ ነው። ዓለማየሁ እሸቴ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ሄደ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የእሳቸውን ፒያኖ ዛሬ ቡና ሲፈላና ዝናብ ሲዘንብ የሚያሳይ ቪዲዮ ሁሉ ከጀርባው ያጫውተዋል። መነኩሲቷ ሸክላ ያሳተሙት ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለመርዳት ነበር። ሙዚቃቸውን ለቡናችን ማጀቢያ ስናደርግ ስማቸውን መጻፍ ከበደን።

ጉዳዩ የክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንጀራም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል፤ የኢኮኖሚና የሞራል። ከሞራል መብቶቹ አንዱ የሥራው አመንጪ እርሱ መሆኑ እንዲታወቅለት መጠየቅ ነው። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻል ደግሞ ባለመብቶች በማኅበር ሆነው ክፍያ የሚሰበስቡበት አሠራር ተከተለ። እንግዲህ አስቡት፤ ማኅበር ገንዘብ ሰብስቦ የሚያከፋፍለው በምንድነው? በስም ነው። ዘፈኑ በሬዲዮ ሲሰማ፣ በስልክ ሲወርድ፣ ደራሲው ማነው ተብሎ ተፈልጎ ነው ድርሻው የሚሰላው። «ደራሲ» የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ገንዘቡ መድረሻ የለውም። ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ይዞ ብቅ ያለው ይኼ ስላንገበገበው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ አንጋፋ የዜማ ደራሲ ይታመማል። ኩላሊት ይሆናል፣ ልብ ይሆናል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለበት ማስታወቂያ ይወጣል፤ «እነዚህን እነዚህን ዘፈኖች የደረሰው» ተብሎ። ያኔ ነው ስሙን የምንሰማው! ከንፈር እንመጣለን፣ መቶ ብር እንልካለን፣ ማስታወቂያውንም ከሚያለቅስ ፊት ጋር እናጋራለን። በጤናው ስሙን ያልጠራነውን ሰው አልጋ ላይ ሲወድቅ እንተዋወቀዋለን። የሚገባውን በወቅቱ አግኝቶ ቢሆን ምናልባት ምጽዋታችንን ባልጠበቀ ነበር።

በዚህ የሚብሰኝ በተማረው ሰው ነው። ተማሪው ለጥናት ጽሑፉ ምንጭ ሳይጠቅስ ሲቀር ቀይ እስክሪፕቶ የሚያነሳው ምሁር፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የሰው ግጥም ከነስንኙ ገልብጦ ከፎቶግራፉ ሥር ይለጥፋል። የማን እንደሆነ አይጽፍም። አንዳንዱ ወዳጁ «እንዴት ያለ ግጥም ጻፍክ ጋሼ!» ይለዋል፤ እሱም የልብ ምልክት ይመልሳል። አልካደም፣ አላመነም። ይኼ በኔ መዝገበ ቃላት ሌላ ስም አለው።

ዘፈን ላኩ። በደንብ ላኩ። የወደዱትን ለሌላው ማካፈል ደግ ነገር ነው። ስትልኩ ግን ድምፃዊውን፣ የግጥሙን ደራሲ፣ የዜማውን ደራሲ፣ አቀናባሪውን፣ ከተገኘ ባንዱንና ዘመኑን አብራችሁ ጻፉ። ያላወቃችሁትን «የማን ነው?» ብላችሁ ክፍት ተዉት፤ አንድ ሰው ይሞላዋል። ያለ ስም የላከላችሁን ደግሞ አመስግኑና «ግጥሙ የማን ነው?» ብላችሁ መልሱለት። አንዴ ይስቃል፣ ሁለቴ ይሰለቻል፣ በሦስተኛው ፈልጎ ይልካል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። ይውላል፤ የሚጠራው ሰው ካለ።